ስልክ አዋቂን ማስተማር ይችላል? የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው አዋቂዎች የሚሆኑ የዲጂታል መማሪያዎች ሲብራሩ

ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፦ «ለልጄ የሚሆን አፕ ታውቃላችሁ?» ዕድሜው ሲጠየቅ «ልጁ» የ28 ወይም የ35 ዓመት ሰው ሆኖ ይገኛል። ትምህርት ቤቱ «ከዚህ በላይ የለንም» ብሎ ከሸኘው ዓመታት አልፈዋል። ቤት ውስጥ ስልክ አለ፣ ትርፍ ጊዜም አለ። አንድ አፕ ይጫንለትና ዳክዬ እየዘለለች «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ትቆጥርለታለች። ሁለት ቀን ነካ ነካ አድርጎ ይተወዋል። ቤተሰቡም «ይኸ ነገር ለእሱ አይሆንም» ብሎ ይደመድማል።

ያልሆነችው ዳክዬዋ ናት። ለዚህ ሰው ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ከመደብር የሚወርድ አፕ አይደለም፤ ቤተሰቡ ወይም አሠልጣኙ በገዛ ወጥ ቤቱ፣ በገዛ ቋንቋው የቀረጸው የ15 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከስያሜው እንነሳ።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲገኙ ነው። የመጀመሪያው የማመዛዘንና አዲስ ነገር የመማር አቅም ከአማካዩ በጉልህ ዝቅ ማለቱ ነው፤ በአይኪው ፈተና ሲለካ 70 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። ሁለተኛው በዕለት ኑሮ ላይ የሚታይ ችግር ነው፦ ገንዘብና ሰዓት፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ ራስን መጠበቅ፣ የቤት ውስጥ ሥራ። ሦስተኛው ሁኔታው በእድገት ዘመን መጀመሩ ነው። የአሜሪካው የዘርፉ የሙያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ትርጓሜ ገደቡን 22 ዓመት አድርጎታል፤ ቀድሞ 18 ነበር። በ40 ዓመቱ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው የማስታወስ ችግር ቢገጥመው የእሱ ስም ሌላ ነው።

የአእምሮ ሕመም አይደለም። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ግን የአእምሮ እድገት ውስንነትን የሚያድን ክኒን የለም፣ ሰውየውም በዚህ ምክንያት «ታማሚ» አይባልም። ኦቲዝምም ለብቻው የሚቆም ሌላ ጉዳይ ነው። ዳውን ሲንድረም ግን ከታወቁት የውስንነቱ መነሻዎች አንዱ ነው፤ 21ኛው ክሮሞሶም በሁለት ፈንታ ሦስት ሲሆን የሚመጣ ነው።

ከሁሉ በላይ ትምህርቱን የሚያበላሸው «የ6 ዓመት ልጅ አእምሮ ነው ያለው» የሚለው አባባል ነው። የ30 ዓመት ሰው 30 ዓመት ኖሯል። ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚገባ፣ የትኛው ጎረቤት እንደሚጣላ፣ ጨው የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። ደመወዝ ማግኘት፣ ልብሱን ራሱ መምረጥ፣ ከጓደኛው ጋር ማውራት ይፈልጋል። መማሪያው አዋቂ የሚፈልገውን ነገር ካላስተማረ በሕፃን ዘፈን ታጅቦ ሊስበው አይችልም።

ታዲያ መማር የሚከብደው የቱ ላይ ነው?

ሁለት ቦታ ላይ። አንዱ በአንድ ጊዜ አእምሮ ውስጥ ሊያዝ የሚችለው ነገር ብዛት ነው። ስድስት ሲኒ የሚችል ረከቦትና ሦስት ሲኒ ብቻ የሚችል ረከቦት አስቡ። በትንሹ ረከቦት ላይ አራተኛ ሲኒ ብትጨምሩ ከፊተኞቹ አንዱ ይወድቃል። «ውሃውን ጥደህ፣ ስኳሩን አምጥተህ፣ በሩን ዘግተህ ና» የተባለ ሰው በሩን ብቻ ዘግቶ ቢመጣ እንቢተኛ ሆኖ አይደለም።

ሁለተኛው የተማሩትን ወደ ሌላ ቦታ ማሻገር ነው። በቤቱ ምድጃ ሻይ ማፍላት የለመደ ሰው የአክስቱ ቤት ምድጃ ማብሪያው በግራ በኩል ከሆነ ሊቆም ይችላል። ለሌላው ሰው «ያው ምድጃ ነው»፤ ለእሱ አዲስ ዕቃ ነው። የስልክ ትምህርት አብዛኛው ጣጣ ከዚህ ይመነጫል።

«በኢንተርኔት መማር» ሲባል ምን ምን ያካትታል?

በቴሌግራም የተላከ አጭር ቪዲዮ፣ የሥራ ቅደም ተከተል በሥዕል የሚያሳይ አፕ፣ በዙም የሚሰጥ የቀጥታ ክፍል፣ ለመናገር የሚቸገር ሰው ሥዕል ነክቶ የሚያናግረው የመግባቢያ አፕ፣ የማስታወሻ ደወል፤ እነዚህ ሁሉ ይገባሉ። ለመግባቢያና ለቅደም ተከተል የሚሆኑ ሥዕሎችን በነፃ ማግኘት ይቻላል። ለምሳሌ በስፔን የአራጎን ክልል መንግሥት የሚያስተዳድረው አራሳክ ለንግድ እስካልዋሉ ድረስ በነፃ የሚወሰዱ በሺህ የሚቆጠሩ ሥዕሎች አሉት፤ የአማርኛውን ቃል ከሥሩ ራሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። እዚህ ላይ በስፋት የምናየው ግን ቪዲዮውን ነው።

የ15 ሰከንድ ቪዲዮ ምን የተለየ ነገር አለው?

ቃል ተነግሮ ይጠፋል። ቪዲዮ ደግሞ ሳይቆጣና ሳይሰለች መቶ ጊዜ ያንኑ ይደግማል። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች በተለይ ያዩትን ከሰሙት የተሻለ የመያዝ ዝንባሌ አላቸው።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ተማሪው ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቶ ከዚያ ይሞክራል። በሁለተኛው አንድ እርምጃ ያያል፣ ቪዲዮው ይቆማል፣ ያችን እርምጃ ይሠራል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ስድስት አዋቂዎችን ገበታ ማሰናዳትና የተገዛ አስቤዛ ቦታ ቦታው ማስቀመጥ አስተምሮ ሁለቱን አነጻጽሯል፤ በጉልህ የተሻለው እርምጃ በእርምጃ የሚቆመው ነው። ምክንያቱን የረከቦቱ ምሳሌ ይነግራችኋል፦ በአንድ ጊዜ አንድ ሲኒ።

ስለዚህ ከመቅረጽ በፊት ሥራው መከፋፈል አለበት። ሻይ ማፍላትን እንውሰድ።

1. ማንቆርቆሪያውን አወርዳለሁ።
2. በዚህ ኩባያ 2 ጊዜ ውሃ እጨምራለሁ።
3. ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ አስቀምጣለሁ።
4. ምድጃውን አበራለሁ።
5. ውሃው ሲንተከተክ አያለሁ።
6. ምድጃውን አጠፋለሁ።
7. 1 የሻይ ማንኪያ ሻይ ቅጠል እጨምራለሁ።
8. የስልኩን ደወል 3 ደቂቃ ላይ አደርጋለሁ።
9. ደወሉ ሲጮህ ወደ ኩባያ አጠልላለሁ።
10. 2 ማንኪያ ስኳር ጨምሬ አማስላለሁ።

ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አትመኑት። አንድ ሌላ ሰው የተጻፈውን ብቻ፣ ምንም ሳይጨምር እንዲሠራ አድርጉ። የጎደለው ወዲያው ይወጣል፦ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ማንም አልከፈተም፤ ማጥለያው የት እንዳለ አልተነገረም። እኛ ሳናስበው የምንሠራው ነገር ሁሉ ለተማሪው አንድ ራሱን የቻለ እርምጃ ሊሆን ይችላል።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። «ትንሽ»፣ «እስኪበቃ»፣ «ደህና አድርገህ» የሚሉ ቃላት መለኪያ አይደሉም፤ ማንኪያና ኩባያ መለኪያ ናቸው። 5ኛው እርምጃ «ውሃው እስኪፈላ» አይልም፤ የሚንተከተከውን ውሃ በቅርብ ያሳያል፣ ምክንያቱም «ፈላ» የሚለውን በዓይን ማወቅ ራሱ መማርን ይጠይቃል። ክዳኑን መክፈት እንፋሎት ስላለው የሚያሰጋ ከሆነ ሲፈላ የሚያፏጭ ማንቆርቆሪያ ግዙ፤ ያኔ እርምጃው «ሲያፏጭ» ይሆናል። ሦስተኛው የግሡ ነገር ነው። አማርኛ ወንድና ሴትን ይለያል፤ «ጨምር» ብሎ የተቀረጸ ለሴት አይሆንም፣ «ጨምሪ»ም ለወንድ። «እጨምራለሁ» ብላችሁ ብትቀርጹ ለሁለቱም ይሆናል፤ ጥቅሙ በዚህ አያበቃም፤ ተማሪው ሥራውን እየሠራ ለራሱ የሚለው ቃል ያው ይሆናል። በዕድሜ ለገፉ ሰዎችም «አንተ» ወይስ «እርስዎ» ከሚለው ችግር ያድናል።

ሲቀረጽ ምን ላይ ይሳሳታሉ?

ፊት ለፊት ቆሞ መቅረጽ የተለመደው ስህተት ነው። ፊት ለፊት ሲቀረጽ የሠሪው ቀኝ እጅ በስክሪኑ ግራ ይታያል። ስልኩን ከሠሪው ትከሻ በላይ፣ ከጀርባ ወደ እጁ አጋድማችሁ ያዙ፤ ተማሪው የሚያየው የገዛ እጁን የሚመስል ይሆናል። ዕቃው ተማሪው የሚጠቀምበት ያው ማንቆርቆሪያ ይሁን። ከጀርባው የተከፈተ ቴሌቪዥን፣ የሚያልፍ ሰው፣ ሙዚቃ አይኑር፤ ዓይን የሚከተለው የሚንቀሳቀሰውን ነው።

አንድ እርምጃ ከ8 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃዋል። ጥራቱን ዝቅ አድርጉ። በ1080 ጥራት የተቀረጸ 1 ደቂቃ ቪዲዮ እንደ ስልኩ ዓይነት ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይይዛል፤ ተጨምቆ በ480 ሲላክ ግን 30 ሰከንዱ 4 ሜጋባይት ገደማ ነው። ለማስቀመጫ የግል የቴሌግራም ቻናል ይበቃል፦ ለአንድ ሥራ አንድ ቻናል፣ ለአንድ እርምጃ አንድ ቪዲዮ፣ ከላይ እስከ ታች በተራ። ስሙ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በሥዕል ይሁን፤ የቻናሉ ምስል ላይ የማንቆርቆሪያውን ፎቶ ለጥፉ። ቪዲዮዎቹን አስቀድማችሁ ስልኩ ላይ አውርዷቸው፤ በመሀል ኔትወርክ ሲጠፋ ትምህርቱም ምድጃውም በእንጥልጥል ይቀራሉ።

ዩቲዩብን ለዚህ ባንጠቀምበት ይሻላል። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይጀምራል፤ ተማሪው ከሻይ ወደ ኳስ ጨዋታ ይሻገራል።

ቪዲዮው እያለ ሰው ለምን ያስፈልጋል?

መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ተማሪው ቪዲዮውን አይቶ ሲቆም 5 ሰከንድ ጠብቁ። ይኸ ቀላል ይመስላል፤ ለእናት ግን 5 ሰከንድ ረጅም ነው። ካልጀመረ በጣት አመልክቱ። ካልሆነ በአንድ ቃል ንገሩ። ካልሆነ ራሳችሁ አሳዩት። እጁን ይዞ ማሠራት የመጨረሻው ነው፣ እሱም ፈቅዶ። በሚቀጥለው ቀን እርዳታውን በአንድ ደረጃ ትቀንሳላችሁ። ይኸ ካልተደረገ ሰውየው ሻይ ማፍላትን ሳይሆን «እማ እስክትነግረኝ መጠበቅ»ን ይማራል። በሙያው ዘንድ በጣም የታወቀው ብልሽት ይኸ ነው፤ ስልክም ልክ እንደ እናት ሊያስከትለው ይችላል።

ሥራው ረጅም ከሆነ ከመጨረሻው መጀመር ይቻላል። ከ1 እስከ 9 ያለውን እናንተ ሠርታችሁ ስኳሩን እሱ ይጨምርና ይጠጣ። ሲለምደው 9ኛውን፣ ከዚያ 8ኛውን ይረከባችኋል። ጥቅሙ እያንዳንዱ ልምምድ በተሠራ ሻይ ማለቁ ነው።

ስክሪን ላይ ጎበዝ የሆነ ሰው ሱቅ ሲሄድ ለምን ይጠፋበታል?

ስክሪን ላይ ያለው ብር ሥዕል ነው። አይታጠፍም፣ አያረጅም፣ ከኪስ አይወጣም፤ ሻጩም አይጣደፍም። በአፕ 20 ከ20 ያገኘ ሰው ሱቅ በር ላይ ቢደናገር የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ ደንቡ፦ ስልኩ ላይ 10 ደቂቃ፣ በእውነተኛው ብር ደግሞ በዚያው ቀን። አንድ ሱቅ አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሱቆች።

ለገንዘብ የሚመከረው ዘዴ መደመርና መቀነስ አይጠይቅም። «የሚቀጥለው አሥር» ልንለው እንችላለን። ዋጋው 34 ብር ከሆነ ከ34 በላይ ያለው አሥር 40 ነው፤ አራት ባለ 10 ኖት ቆጥሮ ይሰጥና መልስ ይጠብቃል። 61 ብር ከሆነ ሰባት ባለ 10። መጀመሪያ ቦርሳው ውስጥ ባለ 10 ኖት ብቻ ይኑር፤ ባለ 50ና ባለ 100 የሚገቡት የመጀመሪያው ከለመደ በኋላ ነው። መልሱን መቁጠር ሌላ ትምህርት ነው፤ አትቀላቅሉት።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ በተለይ እኛን የሚገጥም ወጥመድ ነው። ቤት ውስጥ «መድኃኒትህን በ2 ሰዓት» ይባላል። ስልኩ በዚያ ሰዓት የሚያሳየው 8:00 ነው። ቁጥር ማንበብ የቻለ ተማሪ ስልኩ ላይ 2:00 እስኪመጣ ሲጠብቅ ይቆያል፤ ያኔ ከሰዓት 8 ሰዓት ሆኗል፣ መድኃኒቱም 6 ሰዓት ዘግይቷል። እኛ ስድስት መቀነስና መጨመር ስለለመድን አናየውም። መፍትሔው አንዱን መምረጥ ነው። የግድግዳ ሰዓቱ በአገራችን አቆጣጠር ከሆነ ስልኩ ላይ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ጫኑና የሌላውን ሰዓት ከፊት ገጹ አንሱ። ወይም ቁጥሩን ጨርሶ ተዉት፦ ደወሉ የእናንተው ድምፅ ይሁን፣ «የጠዋቱን መድኃኒት እወስዳለሁ» የሚል፤ የመድኃኒቱ ፎቶም አብሮ ይምጣ።

ስልኩን እንዴት እናዘጋጅ?

ዋናው ተማሪው ከሚማርበት ነገር ሳይወጣ እንዲቆይ ማድረግ ነው። አንድሮይድ ስልኮች ላይ «አፕ ፒኒንግ» የሚባል አለ፤ ብዙውን ጊዜ በሴቲንግ ውስጥ ሴኩሪቲ የሚለው ሥር ይገኛል። ካበራችሁት በኋላ የተከፈቱ አፖችን ዝርዝር አውጡ፣ የአፑን ምልክት ንኩ፣ «ፒን» የሚለውን ምረጡ። ሲወጣ የምስጢር ቁጥር እንዲጠይቅ ማድረጉን አትርሱ፤ አለዚያ ጣቱን ከሥር ወደ ላይ ስቦ ሲይዘው ይከፈታል። አይፎንና አይፓድ ላይ አቻው «ጋይድድ አክሰስ» ነው፤ በሴቲንግ፣ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ። አፑን ከፍታችሁ የጎኑን ቁልፍ 3 ጊዜ ስትጫኑ ይጀምራል። ማስታወቂያ የሚወጣበትን የስክሪን ክፍል በጣት ከብባችሁ እንዳይሠራ ማድረግም ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ደግሞ «አሲስቲቭ አክሰስ» የሚባል ተጨምሯል፤ የአይፎኑን ገጽ በሙሉ ወደ ጥቂት ትላልቅ ሥዕሎች ይለውጠዋል።

ሁለት ጥቃቅን ማስተካከያዎች ብዙ ብስጭት ያስቀራሉ። አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ጣት ስክሪኑ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ማስረዘም ይቻላል፤ እጁ ቀስ ለሚል ሰው ትልቅ ለውጥ ነው። በአዳዲሶቹ አንድሮይዶች ደግሞ ብቅ የሚሉ መልእክቶች ቶሎ እንዳይጠፉ ማድረግ ይቻላል። በትምህርት ሰዓት ጥሪና ማሳወቂያ ይዘጋ።

የሚጥል በሽታ የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይበዛል። ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ያለበትን አፕ አስወግዱ፤ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ያስቀመጠው ገደብ በሰከንድ 3 ብልጭታ ነው።

በአማርኛ የተጻፈ ነገር ለምን ከሌላው ይልቅ ሊከብድ ይችላል?

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ። ይህን ማስታወቂያ ተመልከቱ፦

«በመጪው ሰኞ የሚጀመረው ሥልጠና ላይ ለመሳተፍ የሚፈልጉ ሰዎች መታወቂያቸውንና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘው እስከ ዓርብ ድረስ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በመቅረብ መመዝገብ ይኖርባቸዋል።»

ዋናው ነገር «መመዝገብ» ነው፤ የመጣው 21ኛው ቃል ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ አንባቢው ቀኑን፣ መታወቂያውን፣ ፎቶውን፣ ቢሮውን ሁሉ ተሸክሞ መጠበቅ አለበት። ረከቦቱ ትንሽ ከሆነ ግማሹ መንገድ ላይ ይወድቃል። ሲቃለል እንዲህ ይሆናል፦

«ሥልጠና አለ። ሥልጠናው ሰኞ ይጀምራል። መማር ትፈልጋለህ? ተመዝገብ። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። መታወቂያ ያዝ። 2 ጉርድ ፎቶ ያዝ። ወደ ማኅበሩ ቢሮ ና።»

ይኸ አጻጻፍ በአውሮፓ «ለማንበብ ቀላል» በሚል ስም ደንብ ወጥቶለታል። ኢንክሉዥን ዩሮፕ የተባለው ማኅበር ካስቀመጣቸው ነጥቦች ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሐሳብ ብቻ መያዙ፣ ፊደሉ ቢያንስ 14 መጠን መሆኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው አንብበው መፈተናቸው ይገኙበታል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ዋናው ግን እሱ ነው።

ለአማርኛ አንድ የራሳችን ደንብ መጨመር አለብን። «ፀሐይ»፣ «ጸሀይ»፣ «ፀሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው። ፊደልን እንደ ሥዕል ለሚይዝ ሰው ሦስት ቃላት ናቸው። አንዱን አጻጻፍ ምረጡና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚያው ጽኑ።

ከ231ዱ ፊደላት ገበታ መጀመርም ግዴታ አይደለም። አዋቂ ሰው «ሀ፣ ሁ፣ ሂ»ን ሁለት ዓመት ሲያንበለብል ከሚቆይ «መውጫ»፣ «ወንዶች»፣ «ሴቶች»፣ «አደጋ»፣ «ዝግ ነው» የሚሉትንና የገዛ ስሙን እንደ ሙሉ ምስል ቢለይ በዚያው ሳምንት ይጠቀምበታል። ፎቶዎቹን ከሰፈሩ እውነተኛ ሰሌዳዎች አንሱ።

መናገር ለሚችል ግን መጻፍ ለሚያቅተው ሰው በጂቦርድ የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ያለው የድምፅ መጻፊያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛ ይቀበላል። አነጋገሩ ጥርት ላላለ ሰው ስህተቱ ይበዛል፤ ለዚያ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይሻላል።

የቀጥታ የዙም ክፍልስ?

ይሠራል፤ በተለይ ከቤት ለማይወጡ ሰዎች ጓደኛ የሚያገኙበት ቦታ ስለሆነ። ከ4 እስከ 6 ሰው ይበቃል። የዙም ነፃ አገልግሎት 40 ደቂቃ ላይ ይቆማል፤ ለዚህ ክፍል ርዝመቱ ልክ ነው። አሠልጣኙ ሲያስተምር ሌላ ሁለተኛ ሰው ድምፅ የሚዘጋውንና ከመስመር የወጣውን ይከታተል። ተማሪው የራሱን ፊት እያየ የሚዘናጋ ከሆነ የራስን ምስል መደበቅ ይቻላል። በየሳምንቱ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት፣ ያው ሊንክ ይሁን፤ ሊንኩ ሲቀየር የሚጠፋው ተማሪ ብዙ ነው። «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም «አዎ» ይላሉ። «ማንኪያውን አሳዩኝ» በሉ።

ገንዘብና ደህንነት ላይ ምን እናስተምር?

እ.ኤ.አ. በ2021 ከተጀመረው ቴሌብር ወዲህ ስልክ ቦርሳም ሆኗል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው በደግ ቃል የጠየቀውን ሰው የማመን ዝንባሌ ስላለው ይህን ሳያስተምሩ ስልክ መስጠት አይገባም። «ተጠንቀቅ» ማለት ትምህርት አይደለም። ልምምዱ እንዲህ ነው፦ የማያውቀው የቤተሰብ ወዳጅ ደውሎ «ከቴሌ ነው የምደውለው፣ የምስጢር ቁጥርህን ንገረኝ» ይበለው። ተማሪው ሦስት ነገር ይሠራል፦ «አልናገርም» ይላል፣ ስልኩን ይዘጋል፣ ለሚያምነው አንድ ሰው ይናገራል። በተለያየ ድምፅና ሰበብ 10 ጊዜ ያህል ይደገም፤ ልምምድ መሆኑ ከእያንዳንዱ በኋላ ይነገረው። በሒሳቡ ውስጥ የሳምንት ወጪው ብቻ ይቀመጥ።

እሱን ራሱን የምትቀርጹ ከሆነ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ምን እንደሚቀረጽና ማን እንደሚያየው አሳይታችሁ። ሲታጠብ ወይም ልብስ ሲቀይር መቅረጽ ለማስተማርም ቢሆን አይደረግም። የንጽሕና ትምህርት በሥዕል ወይም በአሻንጉሊት ይሰጣል።

መብት ነው ወይስ ችሮታ?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 24 የአዋቂዎችንና የዕድሜ ልክ ትምህርትን፣ በአንቀጽ 9 ደግሞ የኢንተርኔትና የቴክኖሎጂ ተደራሽነትን ያካትታል። አሜሪካ ያሉ ቤተሰቦች ማወቅ ያለባቸው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕጉ በአብዛኛው 21 ወይም 22 ዓመት ላይ እንደሚያበቃ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አገልግሎት በማመልከቻ ነው፣ ወረፋውም ረጅም ሊሆን ስለሚችል ገና በ16 እና 17 ዓመቱ መጠየቅ ይሻላል። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማውን መሥሪያ ቤት በአማርኛ አስተርጓሚ ማነጋገር ይቻላል፤ ያለ ክፍያ።

መማሩ በምን ይታወቃል?

በአንድ ወረቀት። በግራ 10ሩን እርምጃ ጻፉ፣ ከላይ ቀኑን። ራሱ ከሠራው +፣ ከረዳችሁት የእርዳታውን ዓይነት፦ ጣ ለጣት፣ ቃ ለቃል፣ ማ ለማሳየት፣ እ ለእጅ። በሳምንት 4 ቀን ይበቃል። አንድ እርምጃ ለ2 ሳምንት «ቃ» ላይ ከቆመ ተማሪው አልሰነፈም፤ እርምጃው ትልቅ ነው፣ ለሁለት ክፈሉት። በ3 ተከታታይ ቀን ሁሉም + ከሆኑ ቪዲዮውን መቀነስ ጀምሩ፦ መጀመሪያ ድምፁን ዝጉ፣ ከዚያ ሁለት ሁለቱን እርምጃ አንድ አድርጉ፣ ከዚያ ከቪዲዮ ወደ 10 ፎቶ ውረዱ። ፎቶው ላይ ለዘላለም ቢቀር ችግር የለውም፤ እኛም አስቤዛ በወረቀት ጽፈን ነው የምንወጣው። ከአንድ ሳምንትና ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ፈትኑ፣ አንዴ በሌላ ቤት ምድጃ።

ወረቀቱ ሌላም ነገር ይነግራል። ጨርሶ የማይሻሻል ሰው ካለ አፑን ከመቀየራችሁ በፊት ጆሮውንና ዓይኑን አስመርምሩ፤ ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ሰዎች የመስማትና የማየት ችግር የተለመደ ነው፣ የታይሮይድ እጢ መዛባትም እንዲሁ፤ እሱ ደግሞ ያፈዛል፣ ያደክማል። በተቃራኒው ለዓመታት ሻይ ሲያፈላ የኖረ የ45 ዓመት ሰው + የነበሩት ምልክቶች አንድ በአንድ መውደቅ ከጀመሩ «ሰነፈ» ወይም «ተንኮለኛ ሆነ» አትበሉት። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች የመርሳት በሽታ የሆነው አልዛይመር ከሌላው ሰው ቀድሞ ሊጀምራቸው ይችላል፤ በታይሮይድ ወይም በድባቴ ምክንያት ከሆነ ደግሞ ሊታከም ይችላል። ያን ወረቀት ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የትኛው እርምጃ በየትኛው ወር እንደጠፋ የሚያሳይ መዝገብ ሐኪሙ ሌላ ቦታ አያገኘውም።